ኮድ የሾፌር ነገር መስሎን

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ለመጻፍ የምደፍር ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ እሱንም ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ስንወርድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለእናቶች በሚከፍታት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አንዷን መስመር ጽፌ እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከመጻፍም ይብስብኛል፤ ሻሼን አፌ ላይ ጎትቼ ዝም እላለሁ። መምህርት ሉብና ግን "ራብሓ፣ ዘንድሮ በረዶ ሳይገባ በምናደርገው የወላጆች ስብሰባ ላይ የሚነበብ ነገር ጻፊልኝ። ስለ ስልኩም ስለ በረዶውም ከእኔ አፍ ከአንቺ ይሻላል" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አልኳት።

"የቱዳን ታውቂያለሽ" አለች።

እሱን አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ የተሳሳተ ፊደል ካለ መምህርቷ ታርመው፣ ነገሩን ግን አታርመው።

ቱዳ ጎረቤቴ ናት። ታምዳ፣ ከዝግባው ጫካ በላይ፣ ቤቷና ቤቴ በአንድ ግንብ ይዋሰናሉ። ለአባቷ አምስተኛ ሴት ልጅ ሆና ብትወለድ ጊዜ ሰውዬው ተማርሮ "ቱዳ" አላት፤ በኛ ቋንቋ "በቃ" ማለት ነው። አልበቃውም። ስድስተኛዋም ሴት ሆነች፤ ስም ቢያልቅበት የእናቱን ስም ሰጣት። ቱዳ ይህን ስትናገር ራሷ ትስቃለች፤ "እኔ በር ዘግቼ ነበር፣ እህቴ በመስኮት ገባች" ትላለች።

በሰባት ዓመቷ የሽመናው እንጨት ፊት አስቀመጧት። የቱዳ ብርድ ልብስ በሦስት መንደር የታወቀ ነው። ክሩን ስትቆጥር አትሳሳትም፤ እያወራችም፣ እየሳቀችም፣ እያለቀሰችም ትቆጥራለች። ቁጥር ታውቃለች። እዚህ ያለን ሴቶች ሁሉ ቁጥር እናውቃለን፤ በሚኒባሱ ላይ አለ፣ በመድኃኒቱ ሳጥን ላይ አለ፣ በስልኩ ላይ አለ። ፊደል ነው ያልገባን።

ባሏ አቃ እንጨት ቆራጭ ነበር። መንገዱ አሥራ ዘጠኝ ቀን በተዘጋበት በዚያ ዓመት ደረቱን አመመው። ሰባት ቀን ሙሉ የበረዶ መጥረጊያውን መኪና ድምፅ ሲያዳምጥ ከረመ። በስምንተኛው ቀን መንገዱ ሳይከፈት እሱ ሄደ። ልጃቸው ኢዛ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቱዳ ሰማይ ዝቅ ባለ ቁጥር ሥራዋን ትታ በሩ ላይ ትቆማለች። ስልክም የገዛችው ለዚሁ ነው፤ ትምህርት ቤቱ "መንገድ ተዘጋ፣ መንገድ ተከፈተ" እያለ በድምፅ የሚልክበት የወላጆች ቡድን አለ፣ እሱን ለመስማት።

ኢዛ ከታምዳ ወደ መካከለኛ ደረጃ የወረደች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ናት። እሑድ ማታ ትወርዳለች፣ ሳምንቱን በሴት ተማሪዎች ማደሪያ ታድራለች፣ ቅዳሜ በሚሙን ሚኒባስ ትመለሳለች። ቅዳሜ ስትመጣ መንደሩ በሙሉ ወረቀቱን ይዞ ይጠብቃታል። የመብራት፣ የሐኪም፣ የፍርድ ቤት። እናቷን "ሐሙስ ሐሙስ ነይ እንጂ እኛ ክፍል" ብላት ቱዳ ምን አለች? "ለኔ ኢዛ ታነብልኛለች። አንድ ቤት ሁለት አንባቢ ምን ያደርጋል?"

አሁን ወደ አምናው ስብሰባ ልምጣ። የዋልነት ዛፉ ፍሬ ተለቅሞ ያለቀ ሰሞን ነው። ምድጃው ያለበት ክፍል ውስጥ ታጭቀን ተቀመጥን። መምህርት ሉብና የከተማ ልጅ ናት፤ ግን ቋንቋችንን ተምራ አሳምራ ትናገራለች። መጀመሪያ ስለ በረዶ ተባለ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሸክም እንጨት ያምጣ፣ ለማደሪያው ሁለት ብርድ ልብስ፣ የልጆቹ የጫማ ቁጥር ይመዝገብ፣ ኮትና ቦት ጫማ የሚሰጥ ማኅበር አለ። ቀጥሎ ስለ ስልክ። ልጅ በስልክ ክፉ ነገር ከደረሰበት ለትምህርት ቤቱም ለቤተሰቡም ይናገር፣ ስለተናገረም አይቀጣ፣ ከትምህርቱም አይቅር። ይህ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁላችንም አውራ ጣታችንን አተምን። ባሱም አተመ። ባሱ የአቃ ታላቅ ወንድም ነው፣ ታች ከተማው እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራል፤ ለኢዛ አባት የሆናት እሱ ነው።

በመጨረሻ መምህርቷ ቆማ እጇን አነሳች። "ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ! ኮዱን ለማንም አትስጡ! ከመንግሥት ነኝ ቢል፣ ከማኅበር ነኝ ቢል፣ ወንድምሽ ነኝ ቢል፣ ኮድ አይሰጥም!"

ቋንቋችንን ስትናገር ኮድ የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ ሳትተረጉም እንዳለች ተወቻት።

አሮጊቷ ሐዳ ወደኔ ዞረች። "የምን ኮድ ነው የምትለው?"

ከኋላ ያለችው መለሰችላት፤ "መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ ሰዎች የሚፈተኑት ነዋ። ሚሙን ሦስት ጊዜ የወደቀበት።"

"ሁለት ጊዜ ነው!" አለ ሚሙን ከበሩ። "ሦስተኛውን አልፌዋለሁ!"

"እና እኔ መኪና የለኝ፣ ለማን ነው የምሰጠው?" አለች ሐዳ። "ለበቅሎዬ?"

"ስጪያት እንጂ! በግራ መዞር ትማር!" አለች አንዷ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ለምን እንደሳቅን ሳታውቅ አብራ ሳቀች። "ገባችሁ አይደል?"

"ገብቶናል!" አልን። ወላሂ የገባን መስሎን ነው። በኛ አገር ኮድ ማለት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው፣ ሌላ ኮድ ሰምተን አናውቅም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እሑድ ረፋድ ላይ እኔና ቱዳ ደጃፏ ላይ ተቀምጠን የበግ ሱፍ እናበጥራለን። ኢዛ ጀሪካን ይዛ ምንጭ ወርዳለች። ስልኩ ጮኸ። ወጣት ወንድ ነው፣ ድምፁ ማር። ቱዳ ለኔም እንዲሰማ አደረገችው።

"አክስቴ፣ ሰላም አደርሽ? ለተማሪዎች ኮትና ቦት ጫማ ከሚሰጡት ነኝ። የልጅሽ የጫማ ቁጥር ስንት ነው?"

"ሠላሳ ሰባት። ግን እያደገች ነው ልጄ፣ ሠላሳ ስምንት በለው።"

"ሠላሳ ስምንት አልኩልሽ። አሁን ስልክሽ ላይ ቁጥር ይመጣል። እሱን ካነበብሽልኝ ስሟን አስገባለሁ። ማንበብ ትችያለሽ?"

ቱዳ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሱፉን ከጭኗ ላይ አነሳች። እንግዳ ሲመጣ እንደምትቀመጠው ተቀመጠች። "እችላለሁ" አለች።

መልእክቱ ገባ። ከላይ ስድስት ቁጥር፣ ከሥሩ አንድ መስመር ፊደል። ቱዳ ጣቷን ከቁጥሩ ሥር እያስኬደች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ሰባት። ዜሮ። አራት። አራት። ዘጠኝ። አንድ" አለች። ከመልእክቱ ውስጥ ማንበብ የምትችለው ቁጥሩን ብቻ ነበር፤ እሱኑ አነበበች።

"ጎበዝ ነሽ አክስቴ!"

ስልኩ ተዘጋ። ቱዳ ጉንጯ ቀልቶ ወደኔ ዞረች። "ሰማሽው? ጎበዝ አለኝ!"

እዚህ ላይ እጄ ከበደኝ፣ ሁለት ቀን ሳልጽፍ ቆየሁ።

እኔ ያን ጊዜ ስድስት ወር ተምሬያለሁ። ከቁጥሩ ሥር ያለችው መስመር የምትጀምርበትን አውቄዋለሁ። "ላ" ይላል። የዓረብኛው "ላ" "አይሆንም" ማለት ነው፤ መምህርቷ መጀመሪያ ያስተማረችን ቃል ነው። ይህ "አይሆንም" የሚለው ምንድን ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ደግሞ ተሳስቼ ብሆንስ፣ አዋቂ ልምሰል አለች ብትለኝስ አልኩ። ደስታዋንም አየሁት። ሻሼን ጎትቼ ሱፌን ማበጠር ቀጠልኩ።

ሰኞ ቀን ኢዛ ወርዳለች። የወላጆች ቡድን ውስጥ የሷ ፎቶ መጣ፤ በአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ የብር ጌጥ አድርጋ የተነሳችው፣ እናቷ ስልኩ ላይ ያስቀመጠችው። ከሥሩ ብዙ ጽሑፍ አለ። የላከው የቱዳ ስልክ ነው ይላል። እኛ ሴቶቹ ጽሑፉን ማን ያነባል? ፎቶውን አየን፣ አማረችን። ሐዳ "ማሻአላህ፣ ሙሽራ ትምሰል!" ብላ ድምፅ ላከች። ሌሎቹ ቀይ ልብ ላኩ። እኔም ላክሁ።

ጽሑፉ ስለዚያች ልጅ የሚጻፍ አልነበረም። እዚህም አልደግመውም። ያ ጎበዝ ያላት ሰውዬ በዚያ ቁጥር የቱዳን ስልክ ከሩቅ ሰርቆ፣ በሷ ስም ሆኖ ልጅቷን ለሽያጭ እንደቀረበች ዕቃ አድርጎ ነበር የጻፋት። ወንዶቹ አነበቡት። ሥሩንም አዩት፤ አሥራ አራት ቀይ ልብ፣ አንድ ማሻአላህ።

ማክሰኞ ባሱ ኢዛን ከማደሪያው አውጥቶ ይዟት መጣ። እኔ ዳቦ ላደርስ ገብቼ እዚያው በሩ ሥር ቀረሁ። ባሱ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

"አንድ ሰው ስልካችሁ ላይ የመጣውን ቁጥር ለሌባው ሰጥቶታል አሉኝ። ማን ነው የሰጠው?"

ቱዳ አፏን ከፈተች። ኢዛ ቀደመቻት። "እኔ ነኝ አጎቴ።"

"አንቺ? የተማርሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"በል እንግዲህ" አለ ባሱ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። "ትምህርት ይኸውና።" ወደኔ ዞረ። "የመንደሩ ሴት ሁሉ ልብ አስቀምጣለች! ራብሓም አለችበት!"

ምድር ብትውጠኝ ምን ነበር።

ሲወጣ ኢዛን ግንቡ ሥር ያዝኳት። "ልጄ፣ አንቺ ምንጭ ነበርሽ። ለምን ዋሸሽ?"

"እሑድ ከምንጭ ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ እትዬ ራብሓ። 'አነበብኩ፣ ጎበዝ አለኝ' አለችኝ። እሷን ማን ጎበዝ ብሏት ያውቃል? አሁን እኔ ደርሼ እንዴት ብዬ ልውሰድባት?" አለችና ጀሪካኗን አነሳች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ሐሙስ መምህርት ሉብና በሚሙን ሚኒባስ ወጣች። ፎቶው ተነስቷል፣ ለገጠሩ ፖሊስ፣ ለጀንዳርሜው ተነግሯል፣ የስልኩ ነገር ተስተካክሏል አለች። የኢዛን ኮትና ቦት ጫማ ይዛ መጣች፣ እውነተኛውን፣ ከማኅበሩ የመጣውን። ሠላሳ ሰባት ቁጥር። ወረቀቱንም ይዛ ነበር።

"ወንድም ባሱ፣ እዚህ ላይ አትመሃል። ልጅ አይቀጣም፣ ከትምህርቱም አይቀርም ይላል።"

"እኔ ያተምኩት ለማገዶና ለብርድ ልብስ ነው።"

"ተነቧል እኮ!"

"ያኔ ሁሉ ይስቅ ነበር፣ አልሰማሁም።" ከዚያ ድምፁ ወረደ። "መምህርት፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። መሰንጠቂያው ስገባ ሰዎቹ ስልካቸውን ይደብቃሉ። ገባሽ? እኔን ሲያዩ ኪሳቸው ይከታሉ። መክነስ ከተማ ያለችው አክስቷ መንታ ወልዳለች፣ ሄዳ ትርዳት። በረዶው እስኪቀልጥ። ለማንኛውም መንገዱ ሊዘጋ ነው።"

"በረዶ ሲቀልጥ የሚመለስ አላየሁም" አለች መምህርቷ።

ቱዳ እነዚያን ቀናት ቃል አልተነፈሰችም። ብርድ ልብስ ጀምራ ነበር፣ ለማደሪያው፣ ሁለተኛውን። ተቀምጣ ሸመነች። ኋላ ሳየው ክሩ ተሳስቷል፤ አንድ ቦታ ሳይሆን ሦስት ቦታ። እኔም እንደሷው ዝም አልኩ፤ ቤታችን በአንድ ግንብ እየተዋሰነ እሷ በዚያ እኔ በዚህ ዝም አልን።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሚኒባሱ ቆመ። ሰማዩ ጣራው ላይ ወርዷል፣ በረዶው ይሸታል። ኢዛ ኮቱንና ቦት ጫማውን አልወሰደችም። "የትምህርት ቤቱ ነው፣ ለሚማር ልጅ ይሁን" ብላ አጣጥፋ ትታው በስስ ጫማዋ ወጣች። ባሱ እሷን አስገብቶ በሩን ሊስብ ሲል ቱዳ ከቤት ሮጣ ወጣች። ጫማም አላደረገች።

"እኔ ነኝ!" አለች። "ባሱ፣ እኔ ነኝ ያነበብኩለት! ልጅቷ ምንጭ ነበረች!"

ባሱ እጁን በሩ ላይ አድርጎ አያት። "ምን አልሽ?"

"ቁጥሩን እኔ ነኝ ያነበብኩት!"

መኪናው ውስጥ አንዱ ሳቀ። "ቱዳ አነበበች!" ሌላው ተቀበለው፤ "የአሊፍን ፊደል ከምሰሶ የማትለየዋ!" ሚሙን "ዝም በሉ እናንተ" አለ፣ ግን እሱም ፈገግ ብሏል።

"ቁጥር ነው! ቁጥር አውቃለሁ!"

"ቱዳ" አለ ባሱ፤ በጭካኔ አይደለም፣ እንደሚያባብል ሰው ነው። "እናት ለልጇ የማትለው የለም። አላህ ልብሽን ያርጋልሽ። ግቢ፣ ይበርድሻል።"

ዘወር አለችና እኔን አየችኝ። "ራብሓ! አንቺ ነበርሽ! ንገሪያቸው!"

ሁሉም እኔን አዩኝ።

ሻሼን አፌ ላይ ጎተትኩት።

ባሱ፣ ይህ ሲነበብ ስብሰባው ላይ ትኖራለህ። ቱዳ እውነቷን ነው። ኢዛ ጀሪካን ይዛ ምንጭ ነበረች፣ ቱዳ ናት ያነበበችው፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ "ላ" የሚለውን አይቼ ዝም ያልኩ ነኝ። ዓመት ሊሆነው ነው። ልጅቷ ዛሬም መክነስ ናት፣ መንታዎቹ መሄድ ጀምረዋል ይባላል። የሚቀጣ ካለ እኔን ቅጣኝ፣ እሷን ግን መልሳት። መንገዱ ገና ክፍት ነው።

ያን ዕለት በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ወረደ። ኢዛ መስተዋቱ ላይ ያለውን ጭጋግ በእጇ እየጠረገች ታይ ነበር፤ ትጠርገዋለች፣ ይሸፈናል፣ ትጠርገዋለች። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ በረዶው ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ከግንቡ ወዲያ በር ሲከፈት ሰማሁ። በረዶው ለቅልጥም ደርሷል። በኔ ስልክ የመምህርቷ ድምፅ መጥቷል፤ "የታምዳ መንገድ ተዘግቷል፣ ማንም እንዳይወርድ።" ቱዳ አልሰማችውም፣ ስልኳን ከማክሰኞ ወዲህ አልነካችውም። የኢዛን ኮትና ቦት ጫማ በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ራሷ ላይ ተሸክማ፣ በራሷ የላስቲክ ጫማ መውረድ ጀመረች። ቦት ጫማውን አላደረገችውም፣ እንዳይረጥብ። እኔም ተከተልኳት። ኮቴዋ ውስጥ እየረገጥኩ፣ ምን እንደምላት እያሰብኩ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ሄድን። ዞር ብላ አላየችኝም፣ ግን አንድ ቦታ ስወድቅ ቆማ ጠበቀችኝ።

መምህርት ሉብና ምድጃውን እያቀጣጠለች ነበር። ስታየን እንጨቱ ከእጇ ወደቀ። "መንገዱ ዝግ ነው አላልኩም!"

ቱዳ ጥቅልሉን ፈታች። ቦት ጫማውን ምድጃው አጠገብ ሳይሆን ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፣ ቆዳው እንዳይደርቅ። "ሠላሳ ሰባት ለሚሆናት ልጅ ስጪው" አለች። ከዚያ "ስልክ ላይ የሚመጣውን፣ ቁጥሩንም ከሥሩ ያለውንም፣ ሰሌዳው ላይ ጻፊልኝ" አለች።

"የትኛውን ቁጥር?"

"ሰባት፣ ዜሮ፣ አራት፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ አንድ።"

መምህርቷ ጻፈች። ከሥሩም መስመሯን ጻፈች። ቱዳ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አድርጋ ቁጥሩን በአንድ ትንፋሽ አለፈችው። ወደ ፊደሉ ወረደች። መምህርቷ የእያንዳንዷን ፊደል ስም እየነገረቻት፣ እሷ እየገጣጠመች፣ እየጣለች፣ እንደገና እያነሳች ሄደች። "ላ።" ቆመች። "ላ... ትስጪ። አትስጪ።" ላቧ ወረደ። "ይህን... ካፍ፣ ዋው፣ ዳል... ኩ... ኮ..."

ጣቷን ከሰሌዳው ላይ አነሳች።

"ኮድ?" አለች። "የነሚሙን ኮድ?"

መምህርት ሉብና መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ገባት። ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጠመኔ በያዘ እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ግንባሯ በጠመኔው ነጣ። "ቁጥሩን ነው እኮ፣ እማ ቱዳ" አለች። "ስድስቱን ቁጥር ነው ኮድ ያልኩት።"

ቱዳ ጎንበስ ብላ የመምህርቷን ጠመኔ ከእጇ ወሰደችና፣ ከመስመሯ ሥር፣ በመጀመሪያዋ ፊደል ጀምራ መገልበጥ ጀመረች።